ቆርቆሮው ከመገዛቱ በፊት እንጨቱ ይታይ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ በእንጦጦ ተዳፋት ባሉ ቤቶች፣ ከዝናቡ ድምፅ ሌላ የቤቱን ሰው ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ አንድ ድምፅ አለ። ከጣሪያው ወርዶ ሳፋ ውስጥ ጠብ የሚል ውሃ ነው። ሳፋው ዛሬ ከአልጋው አጠገብ፣ ነገ ከመደቡ ጥግ፣ ከነገ ወዲያ ከበሩ ኋላ ይቀመጣል። ጠብታው ወደ እህሉ ጆንያ የዞረ ቀን ግን ነገሩ ከሳፋ በላይ ይሆናል። ከታች ያለው አንድ ጆንያ ገብስ ሲረጥብ ሻጋታው ወደ ጎረቤት ጆንያ ይሻገራል። ለዘር የተቀመጠውም ሆነ ለክረምት ቀለብ የታሰበው አብሮ ይበላሻል።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ እስከ ኮተቤ በላይ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ዳገታማ አካባቢዎች ከሚገኙ ቤቶች ብዙዎቹ ከባህር ዛፍ እንጨት፣ ጭድ ከተቀላቀለበት ጭቃና ከቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው። ከተማው ዳር ባሉት ግቢዎች ደግሞ ጣሪያው ሰው ብቻ አያስጠልልም፤ ላምና በግ፣ ድርቆሽና እህልም ከሥሩ ያድራሉ። ጣሪያው ሲያረጅ ታዲያ ሁሉም ቤተሰብ አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፤ ይጠገን ወይስ ይቀየር? አብዛኛው ሰው መልሱን ቆርቆሮውን አይቶ ይወስናል። ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰውም እዚህ ላይ ነው። ውሳኔውን ሊሰጥ የሚገባው ቆርቆሮውን የተሸከመው እንጨት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ቤተ መንግሥቱ ሳር ክዳን ነበር። ዛሬም በእንጦጦ ማርያም ግቢ ያለውን ያየ ሰው የዘመኑ ጣሪያ ምን እንደሚመስል ይረዳል። የሳር ክዳን እርጅናውን አይደብቅም፤ ይጠቁራል፣ ይሳሳል፣ ይጎደጉዳል። ባለቤቱም የሳሳውን እያየ ሰንበሌጥ ይጨምርበታል። ባህር ዛፍ በ1880ዎቹ ወደ አገር ገብቶ ተራራውን ሸፈነ፤ ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ያለ ከባድ ዕቃ ማምጣት ቀለለ። የአዲስ አበባን ቤት ባህር ዛፍና ባቡር ተጋግዘው ሠሩት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቆርቆሮ ግን እንደ ሳር አይደለም። ከላይ ደህና መስሎ ከሥሩ ያለውን እንጨት ለዓመታት ሊያበሰብስ ይችላል።

ምርመራው የሚጀምረው በክረምቱ መካከል፣ ቤቱ እያፈሰሰ ሳለ ነው። ውሃው የሚወርድበትን ቦታ ሁሉ ግድግዳና ማገር ላይ በከሰል ምልክት ማድረግ ይገባል። ውሃ በቀዳዳው ትክክል አይወርድም፤ ማገሩን ተከትሎ ሄዶ አንድና ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ቀዳዳው የሚፈለገው ከምልክቱ ሽቅብ፣ ወደ ጣሪያው አናት ነው። ዝናቡ ሲያባራ በእኩለ ቀን በርና መስኮት ተዘግቶ ወደ ላይ ሲታይ፣ ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል። ብርሃኑ በምስማሮቹ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ቆርቆሮው ገና ዕድሜ አለው፤ የላላው ምስማሩና ጎማው ነው። በየቦታው እንደ ወንፊት ከሆነ ግን መድፈን ትርፉ ድካም ነው።

ቀጥሎ እንጨቱ ይታያል። ወራጁ ግድግዳው ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ በጣሪያው ጠርዝና በከሰል ምልክት በተደረገባቸው ቦታዎች ላይ የቢላዋ ጫፍ ይሰካ። ጤነኛ እንጨት ቢላዋውን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው እንደ ዳቦ ይቀበለዋል። ምስጥ የገባበት ከውጭ ደህና መስሎ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ግድግዳው ላይም የጭቃ መስመር ይታያል። ከጣሪያው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ሲባጎ ተወጥሮ ማገሩ ከሲባጎው ዝቅ ያለበት ቦታ ካለ ጣሪያው ጎብጧል። ከሁሉም የሚቀለው ፈተና ግን ምስማሩ ነው። ተመትቶ የገባ ምስማር በወሩ ተመልሶ ብቅ ካለ የሚይዘው እንጨት የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማገር ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት አዲሱን ለመጋቢት ነፋስ ማስረከብ ነው። ጣሪያ ላይ የሚደረደረው ድንጋይና አሮጌ ጎማም የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ምስማሩ መያዝ ስላቃተው በድንጋይ ክብደት ይተካል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር የእንጦጦ ሌሊት ብርቱ ብርድ አለው። በቤቱ ውስጥ ያለው የሰው ትንፋሽ፣ የድስት እንፋሎትና የከብት ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ጠዋት ላይም ይንጠባጠባል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ማግስት የሚወርድ ውሃ ከቀዳዳ የመጣ አይደለም። እንዲህ ያለውን ቤት ቆርቆሮ መቀየር አይፈውሰውም። መፍትሔው እንፋሎቱ የሚወጣበት ክፍተት ከጣሪያው ሥር መተውና እህሉን ከግድግዳው አርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ማስቀመጥ ነው።

የከብት በረት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከሽንትና ከፍግ የሚወጣው ትነት ቆርቆሮውን ከሥር ይበላዋል። ስለዚህ የበረት ጣሪያ ከላይ ሳይሆን ከታች መታየት አለበት። በረቱና ጎተራው በአንድ ክዳን ሥር ከሆኑ በበረቱ በኩል ያለው ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ያንን ወገን ብቻ መቀየር ይበቃ ይሆናል። ከጣሪያ በላይ ያጎነበሰ ባህር ዛፍም ቅጠሉን በቆርቆሮው መደራረቢያ ላይ እያከማቸ እርጥበት ያቆያል፤ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ቅጠሉን በመስቀል ሰሞንና በሰኔ መግቢያ መጥረግ ምንም ወጪ የለውም።

እንጨቱ ጤነኛ ሆኖ የተበላሹት ጥቂት ክዳኖች ከሆኑ ጥገና ያዋጣል። የሚተካው ቆርቆሮ ከላይኛው ሥር፣ ከታችኛው በላይ ገብቶ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መደራረብ አለበት። ምስማሩ ከነጎማው በሞገዱ ጉብታ ላይ ይመታ፤ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ምስማር ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ካትራም መቀባት አንድን ክረምት ለማሻገር ይረዳል እንጂ የጣሪያ ዕድሜ አይገዛም። በአሮጌው ቆርቆሮ ላይ አዲስ መደረብ ግን ከሁሉም የከፋ ቁጠባ ነው። እርጥበት በሁለቱ መካከል ይታፈናል፣ ክብደቱ ለደከመው ወራጅ ይጨመራል፣ የበሰበሰውም እንጨት እንደገና ይሸፈናል። ለምርመራ የሚወጣ ሰውም ምስማር የተመታበትን መስመር ተከትሎ ይርገጥ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ብቻ ነው።

መቀየር ግድ ሲሆን የገንዘቡ ጉዳይ ይመጣል። ጣሪያ የሚከፈተው ዝናብ በሌለበት፣ አዝመራ ከገባ በኋላ ከታኅሣሥ እስከ የበልግ ዝናብ መግቢያ ባሉት ሳምንታት ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ የእህል ዋጋ ዝቅ ይላል። ነሐሴ ላይ ሳይወስን ጥር ላይ የተጣደፈ አርሶ አደር እህሉን በርካሽ ሸጦ ቆርቆሮ ይገዛል። በክረምቱ የወሰነ ግን ወጪውን ሊከፋፍለው ይችላል። ባህር ዛፉን ጥቅምት ላይ ቆርጦ፣ ልጦ፣ ጥላ ሥር ያደርቃል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፤ ምስማሩንም ይለቃል። ቆርቆሮውንም እንደ አቅሙ በየጊዜው ይገዛል፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ውፍረት ይኑረው። በገበያው ላይ ጌጅ የሚባለው ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ከባለ 28 የቀለለና የረከሰ ነው፤ በረዶና ነፋስ ለሚበረታበት ዳገት ግን አይመከርም። የተገዛው ቆርቆሮ ደረቅ ቦታ ዘንበል ብሎ ይቁም። ተነባብሮ ውሃ ከገባበት ገና ሳይመታ ነጭ ዝገት ያወጣል።

ይህ የቀን መቁጠሪያ የወረዳ ኃላፊዎችንም ይመለከታል። በየዓመቱ ክረምት የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ በከተማው የተለመደ መልካም ሥራ ነው። ይሁንና ዝናቡ በበረታበት ወር ጣሪያ መክፈት ግድግዳውን ለጎርፍ፣ አዲሱንም እንጨት ለእርጥበት ያጋልጣል። በክረምት የሚያፈሱትን ቤቶች መዝግቦ፣ ጣሪያ መቀየር የሚያስፈልጋቸውን በበጋ መሥራት ያንኑ ገንዘብና ያንኑ ጉልበት ረዘም ላለ ዕድሜ ያውላል። በ1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት መካከል በሆኑ የቀበሌ ቤቶች የሚኖሩ ተከራዮችም ጣሪያ ለመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃሉ። በጥቅምት የገባ ማመልከቻ በመጋቢት ቢፈቀድ በጋው አልፏል ማለት ነው። የከተማ ግብርና ባለሙያዎችም ላሞቹን ለማየት በረት ሲገቡ ቀና ብለው ጣሪያውን ቢያዩ ተጨማሪ ጉዞ አይጠይቃቸውም።

አዲስ ክዳን ሲመታ አሸንዳ አብሮ ቢገባ ወጪው ይመለሳል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር ይሆናል፤ የሚፈሰውና የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ለላሞችና ለጓሮ ጎመን ብዙ ነው። ያ ውሃ አሸንዳ ከሌለ የጭቃ ግድግዳውን ሥር ሲቆፍር ይከርማል። ከወረደው አሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ያልተበሳው ተመርጦ ለዶሮ ቤት ይሆናል፤ የቀረው ለአጥር።