ክኒኑንም እናትየዋንም ተዉአቸው

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ነፍሰ ጡሮች ታይሌኖል እንዳይወስዱ በአደባባይ ሲያሳስቡ፣ ምክንያታቸው መድኃኒቱ ከኦቲዝም ጋር ይያያዛል የሚል ነበር። ታይሌኖል የንግድ ስም ነው፤ እኛ ፓራሲታሞል የምንለው ራሱ ነው። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ጥርጣሬው ወድቆ እርግጥ ያለ ነገር ሆነ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የምታሳድግ እናት «ያኔ ምን ወስደሽ ነበር?» ትባላለች። ይህን ጥያቄ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

መሠረታዊውን በአጭሩ ልበል። ኦቲዝም ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ ልዩነት ነው፤ ትልቁ ድርሻ የዘር ውርስ ነው፤ ክትባት አያመጣውም። በስዊድን ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን መረጃ የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። ልጆቹ በጅምላ ሲነጻጸሩ ትንሽ ልዩነት ታየ። አንዱን ስታረግዝ ፓራሲታሞል የወሰደች፣ ሌላውን ስታረግዝ ያልወሰደች እናት ልጆች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ጃንጥላ በተዘረጋበት ሁሉ ዝናብ ቢኖርም ዝናቡን ጃንጥላው አላመጣውም። አንድ ጥናት ሁሉን ጥያቄ አይዘጋም፤ ትኩሳት ያላት ነፍሰ ጡርም ሐኪሟን ትጠይቅ። በዚህ መረጃ እናትን መክሰስ ግን ፈጽሞ አይቻልም።

ክሱ አዲስ አይደለም። የሥነ ልቦና ጸሐፊው ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ የወላጆችን ፍቅር ማጣት የኦቲዝም መነሻ አድርጎ አቀረበ፤ ያመነውም ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ተመራማሪዎቹ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ረተር 21 ጥንድ መንትዮችን አጥንተው የውርስን ድርሻ እስኪያሳዩ፣ ከዚያም በኋላ፣ ብዙ እናቶች ያላጠፉትን ጥፋት ተሸክመው ኖሩ።

ይህ ሸክም ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? መገለል ከተገለለው ሰው ወደ ቤተሰቡ እንደሚሻገር የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ኤርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1963 ጽፏል። የከፋው ቀጥሎ ያለው ነው፦ እናትየዋ ሰው ስለ እሷ የሚያስበውን ራሷም ማሰብ ትጀምራለች። ልጇ ለቅሶ ቤት ጮኸ፤ ሰው ዞር ብሎ አየ። በሚቀጥለው ለቅሶ ትቀራለች። ከዚያ ከሠርግ፣ ከማኅበር፣ ከቅዳሴ ትቀራለች። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ደግሞ እሱም ቤት የሚደርስ ያጣል። ለአንድ ሰዓት ልጁን የምትይዝላት ጎረቤት፣ ሲቸግራት የምታበድራት፣ «እንዲህ ያለ ክሊኒክ አለ» የምትላት ሁሉ አብረው ይርቃሉ። እንቅልፍ ያጣል ቤቱ፤ ባልና ሚስት ይወነጃጀላሉ፤ እህቱ ጓደኞቿን ቤት ማምጣት ትተዋለች። ልጁም ከእኩዮቹ ጋር የሚጫወትበትን፣ መግባባት የሚለማመድበትን ዕድል ያጣል፤ እርዳታም ዘግይቶ ይደርሰዋል። ሲከብደው ያየ ጎረቤት ደግሞ «ብዬ ነበር» ይላል።

በአዲስ አበባ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 26.7 በመቶው ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። የአሳዳጊው የትምህርት ደረጃ ልዩነት አላመጣም። መንስኤው ሲጠየቅ 40.2 በመቶው መንፈስን፣ 30.4 በመቶው የጭንቅላት ጉዳትን፣ 27.5 በመቶው ኃጢአትን ጠቀሱ። መንፈሳዊ ምክንያት በሰጡት ዘንድ የመገለሉ ስሜት ከፍ ያለ ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥናቱ የአንድ ወቅት ፎቶግራፍ ነው፤ እምነቱ ኀፍረቱን ያምጣ፣ ወይስ ያፈረው ወደዚያ ይሂድ አይነግረንም። የተጠየቁትም ክሊኒክ የደረሱት ናቸው፤ በር የተዘጋባቸው አልተቆጠሩም። ከወላጆች ጭንቀት ምን ያህሉ ከእንክብካቤው ድካም፣ ምን ያህሉ ከሰው ዓይን እንደሚመጣም ተመራማሪዎች አልተስማሙም። እኔ የሰው ዓይን ጫና ተንቋል ባይ ነኝ። መንፈስንና ኃጢአትን የጠቀሱትን ቁጥር ይዘው እምነትን ብቻ ለመውቀስ ከሚቸኩሉት ጋር ግን አልስማማም። «ኃጢአቷ ነው» ያለውና «ክኒኗ ነው» ያለው፣ አንዱ በመንፈስ ሌላው በሳይንስ ስም ይናገሩ እንጂ ያቺኑ አንዲት ሴት ነው የሚከሱት።

መገለል የሚቀንስ ነገር ነው። ዘሚ የኑስ የልጇን ኦቲዝም ሳትደብቅ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቁማ ብዙ ወላጆችን ከቤት አውጥታለች። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተሰጠ አጭር ሥልጠናም ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የነበራቸውን አመለካከት አሻሽሏል።

ከላይ ባነሳሁት የአዲስ አበባ ጥናት አሳዳጊዎቹ ምን እንደጎደላቸው ሲጠየቁ 74.5 በመቶው ለልጃቸው ትምህርት አሉ። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለች እናት ስታገኙ ምን እንደዋጠች አትጠይቋት። ልጁ የት እንደሚማር ጠይቋት፤ የትም ካልሆነም ትምህርት ቤት ስታፈላልግ አብራችኋት ሂዱ።