አሠሪው «ተመለሱ» ይላል፤ ሠራተኛው «ወደዚያ ጫጫታ?» ይላል

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 የአማዞን ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አንዲ ጃሲ ለሠራተኞቻቸው ደብዳቤ ጻፉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደብዳቤው ከጃንዋሪ 2 ቀን 2025 ጀምሮ የቢሮ ሠራተኛው እንደ ወረርሽኙ ዘመን ቤቱ ሆኖ መሥራቱን አቁሞ በሳምንት አምስት ቀን መሥሪያ ቤቱ እንዲገኝ የሚያዝ ነበር። ትእዛዙ በዓለም ዙሪያ ተወራ። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ የነበረች አንዲት ሌላ አንቀጽ ግን ብዙም አልተነገረላትም። ኩባንያው በሲያትል አካባቢና በዋሽንግተን አጠገብ በምትገኘው አርሊንግተን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ጠረጴዛ መልሶ እንደሚሰጥ ትገልጻለች። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ቀድሞ የደረሰ ባገኘው ወንበር የሚቀመጥበት አሠራር ነበር።

ያቺ አንቀጽ የጭቅጭቁን ግማሽ ትናገራለች። ሠራተኛው የሚያጉረመርመው በመንገዱ ርዝመትና በቁርስ ሰዓቱ ብቻ አይደለም። ተመለስ የተባለበትን ክፍል ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊትም አይወደውም ነበር።

ክፍሉ ግድግዳ የሌለው ሰፊ አዳራሽ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ሐሳቡን ሲያመጡት አለቃና ምንዝር በአንድ ወለል ላይ ተቀምጠው ወረቀቱም ወሬውም እንደልብ እንዲዘዋወር በማሰብ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ሮበርት ፕሮፕስት የተባሉ ሰው ለኸርማን ሚለር የቤት ዕቃ ኩባንያ በ1960ዎቹ ተገጣጣሚ የቢሮ ዕቃ ነደፉ። ሠራተኛው በነፃነት እንዲንቀሳቀስበት የታሰበው ዕቃ በገዢ ኩባንያዎች እጅ ሲገባ ሰው የሚታጨቅበት ሳጥን ሆነ፤ ፕሮፕስት ራሳቸው በስተርጅና አጥብቀው ነቀፉት። በኋላ ያ አጭር ከለላም ተነሣ። ፌስቡክ በ2015 በካሊፎርኒያ ያስመረቀው ሕንፃ ወደ 2,800 ሠራተኞችን በአንድ ወጥ አዳራሽ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ለአገራችን አንባቢም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በቢፒአር ጊዜ የክፍሎቻቸውን ግድግዳ አፍርሰው ባለሙያዎችን በአዳራሽ ያስቀመጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ።

ኩባንያዎች አዳራሹን የሚወዱበት ምክንያት በአደባባይ «መቀራረብ» ይባላል። በሒሳብ ክፍል ግን ስሙ ካሬ ሜትር ነው። ለምሳሌ ያህል 200 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ለአንድ ሰው 12 ካሬ ሜትር የሚይዝ ክፍል ቢሰጥ 2,400 ካሬ ሜትር መከራየት አለበት። በአዳራሽ አድርጎ ለአንድ ሰው 6 ካሬ ሜትር ቢመድብ ግማሹ ይበቃዋል። የአንድ ካሬ ሜትር ኪራይ በዓመት 500 ዶላር ነው ብንል ድርጅቱ በዓመት 600,000 ዶላር፣ በነፍስ ወከፍ 3,000 ዶላር ያተርፋል። በወረቀት ላይ የሚያስጎመጅ ትርፍ ነው። ይሁንና የሠራተኛው ዓመታዊ ደመወዝ 60,000 ዶላር ከሆነ፣ 3,000 ዶላር ማለት የሥራ ጊዜው 5 በመቶ ነው። ከስምንት ሰዓት ሥራ 5 በመቶው 24 ደቂቃ ይሆናል። ጎረቤቱ በስልክ ሲጮህ፣ ከኋላው ሲሳቅ፣ «አንድ ጊዜ ላስቸግርህ» ሲባል በቀን 24 ደቂቃ ከባከነበት ከኪራይ የተረፈው ገንዘብ ተመልሶ ሄዷል። ልዩነቱ ኪራዩ በደረሰኝ መታየቱ፣ የባከነው ደቂቃ ግን በየትኛውም መዝገብ አለመስፈሩ ነው።

«መቀራረብ» የተባለውም ቢሆን ተፈትሿል። የሐርቫርዱ ኢታን በርንስታይንና ባልደረባቸው ስቲቨን ተርባን ቢሯቸውን ወደ አዳራሽ በለወጡ ሁለት ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሠራተኞች ላይ መለኪያ መሣሪያ አንጠልጥለው ያገኙትን ውጤት በ2018 አሳትመዋል። ግድግዳው ከተነሣ በኋላ ሠራተኞች ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ጊዜ በ70 በመቶ ገደማ ቀንሶ የኢ-ሜይል ልውውጣቸው ጨመረ። ሁሉም በሚሰማበት መነጋገር ያልፈለገ ሰው ጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ይጽፋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት በ2013 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ40,000 በላይ የቢሮ ሠራተኞች የሰጡትን መልስ መርምረው፣ በአዳራሽ የሚሠሩትን ከሁሉ ይልቅ የሚያማርራቸው የድምፅ ገመና ማጣት መሆኑን ደርሰውበታል።

ከወረርሽኙ በኋላ ሌላ ጫጫታ ተጨመረ። ስብሰባው ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር መስኮት ገብቷል። ሠራተኛው አንድ ሰዓት ተጉዞ አዳራሽ ይደርስና ሌላ ከተማ ካለ ባልደረባው ጋር በመስኮቱ ያወራል፤ ግራና ቀኙ ያሉትም እንዲሁ። ይህን የስብሰባ መስኮት ለዓለም የሸጠው ዙም ኩባንያ ራሱ በ2023 በቅርብ የሚኖሩ ሠራተኞቹን በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ ግቡ ማለቱ ብዙዎችን ፈገግ አሰኝቷል።

ለአሠሪዎች መፍረድም ተገቢ ነው። አዲስ የተቀጠረ ወጣት ነባሩን እያየ ሥራ የሚለምደው አጠገቡ ሲቀመጥ ነው፤ ይህ በመስኮት አይገኝም። ከቤት መሥራትም ለሁሉም አልተመቸም። ሲትሪፕ የተባለው የሻንጋይ የጉዞ ወኪል የቢሮ ኪራይ ቢወደድበት ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ለዘጠኝ ወራት በስልክ መስተንግዶ ሠራተኞቹ ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። ቤት የሠሩት ውጤታቸው በ13 በመቶ ጨመረ። አብዛኛው ጭማሪ እረፍትና የሕመም ፈቃድ በመቀነሱ የመጣ ሲሆን፣ ወደ 4 በመቶው ግን በደቂቃ ብዙ ጥሪ በማስተናገዳቸው የተገኘ ነው፤ ለዚህም የቤቱ ጸጥታ አንዱ ምክንያት ሆኖ ቀርቧል። ሆኖም ሙከራው ሲያበቃ ቤት ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ብቸኝነቱን ባለመቻል ወደ ቢሮ ተመልሰዋል።

ይኸው ኩባንያ በ1,612 ሠራተኞች ላይ ያደረገው ሁለተኛ ሙከራ በ2024 ታትሟል። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ሠራተኞች በሥራ ምዘናም በዕድገትም ከሌሎቹ አላነሱም። ሥራ የሚለቁት ቁጥር ግን በሲሶ ቀነሰ። የለቀቀን ሠራተኛ ለመተካት የሚወጣውን ወጪ የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ ይህን ቁጥር ከኪራዩ ሒሳብ ጎን ማስቀመጥ አለበት።

የቢሮው መሙላትና መጉደል ቢሮ ደርሰው የማያውቁ ሰዎችንም ኪስ ይነካል። በዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያዎች በርካታ ኢትዮጵያውያን ይሠራሉ። የምሳ ሳንድዊች የሚሸጡና ታክሲ የሚነዱም አሉ። በ2020 ሕንፃዎቹ ባዶ ሲሆኑ የእነዚህ ሰዎች ገበያ አብሮ ቆመ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የፌዴራል ሠራተኞች ሙሉ ጊዜያቸውን በመሥሪያ ቤታቸው እንዲሠሩ ሲያዙ፣ ለመኪና ጠባቂው መልካም ዜና ነበር። ከተመለሱት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ግን የሚቀመጡበት ጠረጴዛ አላገኙም፤ ቢሮ በባዶነቱ ዓመታት ተቀንሶ ነበርና።

በዚህ ሁሉ መሀል ገበያ ያገኙት ግድግዳ ሻጮች ናቸው። ፍሬመሪ የተባለ የፊንላንድ ኩባንያ ከ2010 ጀምሮ ድምፅ የማያሳልፍ፣ አንድ ሰው ገብቶ ስልክ የሚያነጋግርበት ትንሽ ክፍል እየሠራ ይሸጣል። መሥራቾቹ እንደሚተርኩት፣ ተቀጣሪ ሳሉ አለቃቸው በአዳራሹ መሀል በስልክ እየጮኸ ሥራ ቢከለክላቸው ሌላ ቦታ ሄዶ እንዲያወራ ይጠይቁታል፤ እሱም «እንግዲያው የስልክ ቤት ግዙልኝ» ይላቸዋል። የአንዱ ሳጥን ዋጋ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከገዢዎቹም መካከል ካሬ ሜትር ለመቆጠብ ሲሉ ግድግዳቸውን ያፈረሱ ኩባንያዎች ይገኙበታል።