ዓሣን መብላት በብልሃት



በባሕር ጠረፍ የሚኖሩ ብዙ ሕዝቦች ባሕር የሚሰጣቸውን ምግብ በየዓመቱ በበዓል ያከብራሉ። በአሜሪካ የሜይን ግዛት ከ1947፣ በአየርላንድ የጋልዌይ ከተማ ከ1954 እ.አ.አ. ጀምሮ የሚከበሩት በዓላት ለዚህ ምሳሌዎች ናቸው። በእንዲህ ያለው በዓል ባለሙያው ምግቡን በሕዝብ ፊት ይሠራል፤ ተመልካቹም አሠራሩን በዓይኑ አይቶ ወዲያው ይቀምሳል። ትምህርቱ በቃል ብቻ ስለማይቀር ሰው ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል።

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ነገር ግን ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳና ጫሞ የዓሣ ሀብት ያላቸው ሐይቆች ናቸው። ዝዋይም ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በጦር ኃይሎች ወይም በአየር ጤና የሚኖር ቤተ ሰብ ቆሮሶ ገዝቶ መብላት ይችላል። ሆኖም ብዙዎቻችን አንድ ጊዜ ገዝተን፣ ቤቱ ሸትቶ፣ ሥጋው ደርቆ፣ አጥንቱም ልጆቹን አስፈርቶ፣ «ሁለተኛ አይገባም» ብለን እንተወዋለን። እነሆ ጥፋቱ የዓሣው ሳይሆን የአመራረጥና የአበሳሰል ጉድለት ነው። አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልሃት» ያሉት በከንቱ አይደለም።

የመጀመሪያው ብልሃት መምረጥ ነው። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይባላልና ገዢው አስቀድሞ ጭንቅላቱን ይመርምር። የትኩስ ዓሣ ዓይን ጥርት ያለና ወጣ ያለ ነው፤ ስንጥቡም ቀይ ነው። ዓይኑ ከጐደጐደ፣ ስንጥቡም ከጠቈረ መተው ይሻላል። ጭንቅላቱ ተቈርጦ ሥጋው ብቻ የሚሸጥ እንደ ሆነ በጣት ይጫኑት፤ ትኩስ ሥጋ ተጭኖ ወዲያው ይመለሳል። ከመሥሪያ ቤት ሲመለሱም ሌላውን ሁሉ ገዝተው ሲያበቁ ዓሣውን በመጨረሻ ይግዙ፤ ሙቀት ፈጥኖ ያበላሸዋልና።

ሁለተኛው ብልሃት ማብሰል ነው። የበሬ ሥጋ ጅማት ስላለው ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ የዓሣ ሥጋ ግን ጅማቱ ጥቂትና ስስ ስለሆነ ፈጥኖ ይበስላል፤ ብዙ ከቈየም ይደርቃል። ስለዚህ ለወጥ ሽንኩርቱና በርበሬው በዘይት በሚገባ ከበሰሉ በኋላ ዓሣው በመጨረሻ ይጨመር። ለመጥበስም ዓሣውን በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ ጥቂት ዱቄት መነስነስ፣ ዘይቱ በደንብ ከጋለ በኋላ ጥቂት ጥቂቱን መጨመር ይገባል። ብዙ በአንድ ጊዜ ከተጨመረ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ ዓሣውም ዘይት ይመጣል። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲለይ በስሏል።

ለሾርባ ደግሞ ከፍታችንን ማሰብ ያስፈልጋል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ስለዚህ ድንቹና ካሮቱ ከጠረፍ ይልቅ እዚህ ዘግይተው ስለሚበስሉ ቀድመው ይግቡ፤ ዓሣው ይከተል።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በአዋዜ መብላት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በዓሣ ሥጋ ውስጥ ሰውን የሚያሳምሙ ጥገኛ ትሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ሎሚና አዋዜ ጣዕም ይሰጣሉ እንጂ ትሉን ለመግደል አይታመኑም፤ መድኃኒቱ እሳት ነው። በተለይ ለሕፃናት ያልበሰለ ዓሣ አይሰጥ፤ አጥንቱም በጥንቃቄ ይለቀምላቸው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ የባሕር ጠረፍ በዓል ባይኖረን የምንማርበት ሸንጎ አላጣንም። በኮልፌ ያለ አንድ ዕድር ወይም ማኅበር ሁለት ምድጃ፣ አንድ መጥበሻና ጥቂት ትኩስ ቆሮሶ አዘጋጅቶ ሙያ ያላት እናት በጎረቤቶቿ ፊት ብትሠራ፣ ሁሉም ቢቀምስ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ቀምሶ የወደደ ገበያውን ይጠይቃል፤ ገበያው ሲጠይቅም የሐይቅ ዳር አጥማጅ ድካሙ ዋጋ ያገኛል፤ የልጆቻችንም ገበታ ይሰፋል።