ለማልያው ወይስ ለእንጀራው?

በአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ያገለገሉ ሰው ነዎት እንበል። ወጣትነትዎንና ጉልበትዎን ሰጥተዋል፤ ጉልበት ስልም ኃይሉንም መገጣጠሚያውንም ማለቴ ነው። ለዕረፍት ወደ ትውልድ አገርዎ ሄደው ከወዳጅ ጋር ተቀምጠው ሲጫወቱ፥ ከሥራ መሰናበትዎን ከቴሌቪዥን ዜና ይሰማሉ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ከተማ የሚገኝ፥ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ጋር ዓይንና ናጫ የሆነ ሌላ መሥሪያ ቤት «ወደ እኛ ይምጡ» ሲል ይልክብዎታል። ይሄዳሉን? ወይስ ይቀራሉ?

መልስዎን ለጊዜው በልብዎ ይያዙት። ይህ ነገር በእውነት የደረሰበት ሰው ዴኒስ ሎው ይባላል። ሥራው እግር ኳስ መጫወት፥ መሥሪያ ቤቱ ማንቸስተር ዩናይትድ፥ ባላንጣው ማንቸስተር ሲቲ፥ ጊዜውም በአውሮፓ አቈጣጠር 1973 ዓ/ም ነበር። (ከዚህ በታች የሚያገኟቸው ዓመታትም፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ስለነዚህ ሁለት ቡድኖች ማንነት ለእርስዎ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ወዳለበት ቤት ጎራ ያለ ሰው፥ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ ለብሶ፥ በዓይኑ አይቶት ስለማያውቀው ከተማ ሲከራከርና ሲኳረፍ ያገኛል። አንድ ተጫዋች ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የተሻገረ እንደ ሆነማ «ከሐዲ! በገንዘብ ተሸጠ!» የሚለው ጩኸት ጣራ ይነካል። ከጮኹት መካከል አንዱ፥ ደመወዙን ጥቂት ከፍ የሚያደርግለት መሥሪያ ቤት ቢያገኝ፥ በማግሥቱ ማመልከቻውን ጽፎ እንደሚያድር ግን አልጠራጠርም።

ሎው በ1940 በስኮትላንድ ወደብ በአበርዲን ተወለደ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ እሱም ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነው። ቀጭንና ዓይኑ ሸውራራ የሆነ፥ መነጽር የሚያደርግ ልጅ ስለ ነበረ፥ በመጀመሪያ የተቀበሉት የሀደርስፊልድ ቡድን ሰዎች ሲያዩት የኳስ ተጫዋች አልመሰላቸውም። በ1960 ማንቸስተር ሲቲ በ55 ሺህ ፓውንድ ገዛው። በዓመቱ የኢጣልያው ቶሪኖ በ110 ሺህ ወሰደው። በ1962 ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድ በ115 ሺህ ፓውንድ ወደ እንግሊዝ መልሶ አመጣው።

ልብ ይበሉ፤ ሎው የዩናይትድ ሰው ከመሆኑ በፊት የሲቲ ሰው ነበረ። እንዲያውም በ1961 ለሲቲ በሉተን ሜዳ በአንድ ጨዋታ ስድስት ጐል ካገባ በኋላ፥ ሜዳው በዝናም ስለ ጨቀየ ጨዋታው ተቋረጠና ስድስቱም ጐሎች ተሰረዙ። ጨዋታው እንደገና ሲደረግ ሲቲ 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ አንዲቱንም ያገባት ያው ሎው ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው ሰው ኋላ ቢያማርር አይፈረድበትም።

በዩናይትድ ቤት ግን ነገሠ። ደጋፊዎቹም በግልጽ «ንጉሡ» እያሉ ይጠሩት ነበር። በ404 ጨዋታዎች 237 ጐል አገባ፤ በ1964 የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ወርቃማውን ኳስ ተሸለመ፤ በ1965ና በ1967 ቡድኑ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሲሆን ከፊት ቀዳሚው እሱ ነበር። ጐል ባገባ ቁጥር የማልያውን እጅጌ ጫፍ በጣቶቹ ጨብጦ አንድ እጁን ወደ ሰማይ ያነሣል። በየመንደሩ ያሉ የማንቸስተር ልጆች ይህንኑ ሲያደርጉ ይውሉ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ገዛው»፥ «ወሰደው»፥ «አመጣው» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋች በራሱ ላይ ብዙ ሥልጣን አልነበረውም። እስከ 1961 መጀመሪያ ድረስ ማንኛውም ተጫዋች፥ ስሙ ምንም ያህል ቢገን፥ በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው የሚያግድ ደንብ ነበረ። ከደመወዙ ወሰን ይልቅ የከፋው ደግሞ የመልቀቂያው ነገር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንባቢዎቼ መልቀቂያ ወረቀት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁታል። የተጫዋቹ ውል ቢያልቅም እንኳ ቡድኑ «አልለቅህም» ካለው ሌላ ቡድን ሊያስፈርመው አይችልም። አዲሱን ውል አልፈርምም ቢል ደመወዙ ይቋረጣል፤ መልቀቂያውንም አያገኝም። ጆርጅ ኢስትሃም የተባለ የኒውካስል ተጫዋች በዚህ ምክንያት ከቡድኑ ተጣልቶ፥ ኳሱን ትቶ ለወራት ቡሽ ሲሸጥ ቆየ። በ1960 መጨረሻ ወደ አርሰናል እንዲሄድ ተፈቀደለት፤ እሱ ግን ነገሩን አልተወም፤ ኒውካስልን በፍርድ ቤት ገትሮ በ1963 ረታ። ዳኛው ዊልበርፎርስ ደንቡ ሰው ሠርቶ እንዳያድር ያለ አግባብ የሚከለክል ነው ሲሉ ፈረዱ። ጉዳዩ እስከ ሥሩ የተነቀለው ግን በ1995፥ ዣን ማርክ ቦስማን የተባለው የቤልጅግ ተጫዋች በአውሮፓ ፍርድ ቤት ባሸነፈ ጊዜ ነው። ዛሬ ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ ወደ ወደደው ቡድን በነጻ ቢሄድ የቦስማን ውለታ አለበት።

ሎውም ከዚህ ጽዋ ቀምሷል። በ1966 ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ጭማሪ ጠየቀ፤ ካልሆነ እለቃለሁ አለ። ማናጀሩ ማት በዝቢ እንደ አባት የሚፈሩና የሚወደዱ ሰው ነበሩ። ወዲያውኑ ስሙን ለሽያጭ ከቀረቡት ተጫዋቾች ተራ አስገቡና ለጋዜጦች አስታወቁ። ሎው ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታውም ለሕዝብ ተነገረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሎው ሲያወጋ ግን በዝቢ ጭማሪውን በስውር ሰጥተውት ኖሯል። በአደባባይ የተቈጡት ሌሎቹ ተጫዋቾች ልማዱን እንዳይከተሉ ነው። (ይህ ዘዴ በእንግሊዝ አገር ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም።)

ከዚያ ጉልበቱ ይታመም ጀመር። በግንቦት 1968 ዩናይትድ በዌምብሌ ሜዳ የፖርቱጋሉን ቤንፊካ 4 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሣ፥ ሎው ጉልበቱን ታክሞ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ በቴሌቪዥን ተመለከተ። በ1972 መጨረሻ ቶሚ ዶኸርቲ የቡድኑ ማናጀር ሆነ። ዶኸርቲ የስኮትላንድ ሰው ነው፤ ሎውንም ወደ አገሩ ብሔራዊ ቡድን የመለሰው እሱ ስለ ነበረ፥ አሮጌው ተጫዋች ወዳጅ መጣልኝ ቢል አያስደንቅም።

ሎው እንደሚተርከው፥ ሁለቱ የተስማሙት በክብር እንዲሰናበት ነበር። የመሸኛ ጨዋታ ይዘጋጅለታል፤ ከዚያም ራሱ በቃኝ ብሎ ጫማውን ይሰቅላል። በ1973 በጋ አበርዲን ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ ግን፥ ዩናይትድ በነጻ እንደ ለቀቀው ቴሌቪዥኑ ተናገረ። በ115 ሺህ ፓውንድ የተገዛው ሰው ያለ ምንም ዋጋ ተለቀቀ። ያገራችን ሰው «ካረጁ አይበጁ» ይላል፤ ነገር ግን ይህን ለሽማግሌው በፊቱ የሚናገር ጨዋ ሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ሲቲ የጠራው በዚህ ጊዜ ነው። ሎው 33 ዓመቱ ነበር። ቤቱና ልጆቹ በማንቸስተር ናቸው፤ ሌላ ከተማ ቢሄድ ሚስቱንና ልጆቹን ነቅሎ መሄድ ሊሆንበት ነው። ሌላም ነገር ነበረ። ስኮትላንድ ከ1958 ወዲህ የዓለም ዋንጫ አይታ አታውቅም፤ በ1974 ለሚደረገው ለማለፍ ግን ተቃርባ ነበር። ለብሔራዊ ቡድኑ ለመመረጥ ደግሞ በየሳምንቱ የሚጫወት ሰው መሆን ያስፈልጋል። ሎው ሄደ። በመስከረም ወር ስኮትላንድ ቼኮስሎቫኪያን 2 ለ 1 አሸንፋ ስታልፍ እሱም ከተሰለፉት አንዱ ነበር።

ፍርድዎን አሁን ቢጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ። ዩናይትድ ሎውን ሲገዛ ንግድ ነበር፤ ጭማሪ ሲጠይቅ ለሽያጭ ሲያቀርበው ንግድ ነበር፤ ሲያረጅ ሲለቀውም ንግድ ነበር። ሦስቱን ጊዜ ነጋዴ የሆነ ቤት፥ በአራተኛው ጊዜ ሠራተኛውን «ታማኝነትህ የታለ?» ብሎ ሊጠይቅ አይገባውም። ደጋፊውስ? ደጋፊው ሌላ ነው። እሱ አልሸጠም፥ አልገዛም፤ በብርድና በዝናም ቆሞ ዘፍኗል። ሎው ዕዳ አለበት ከተባለ ዕዳው ለዚህ ሰው ነው፤ ይህንንም ዕዳ ሎው እንዳልረሳው ቀጥሎ በሆነው ነገር ታየ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1974 (በእኛ ሚያዝያ 19 ቀን 1966 ዓ/ም፥ አዲስ አበባ የአብዮቱ ወሬ እንጂ የኳስ ወሬ በማይሰማባት ወራት) ሲቲ ወደ ኦልድ ትራፎርድ መጣ። ዩናይትድ በዚያ ዓመት ክፉኛ ተዳክሞ ወደ ሁለተኛው ምድብ ሊወርድ አፋፍ ላይ ነበር። ጨዋታው 0 ለ 0 ሆኖ ሊያልቅ ሲቃረብ፥ በ81ኛው ደቂቃ ፍራንሲስ ሊ ኳሷን ወደ ጐሉ በር ላከ። ሎው ጀርባውን ለበረኛው ሰጥቶ ቆሞ ነበር። በዚያች ቅጽበት ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልማድ እግሩን አዘዘው፤ ኳሷን በተረከዙ መታት። በረኛው አሌክስ ስቴፕኒ ዘወር ሲል ኳሷ መረብ ውስጥ ነበረች።

የሲቲ ተጫዋቾች እየሮጡ ሊያቅፉት መጡ። ሎው ግን እጁን አላነሣም። ራሱን ደፍቶ፥ ሰው የሞተበት መስሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ወዲያው ተቀይሮ ወጣ። የዩናይትድ ደጋፊዎች ሜዳውን አጥለቀለቁት፤ ማት በዝቢ በድምፅ ማጉያ ቢለምኑም ሥርዓት አልተመለሰም፤ ዳኛው ጨዋታውን አቋረጠ፤ ውጤቱ ግን 1 ለ 0 እንደ ሆነ ጸደቀ።

ዩናይትድን ያወረደችው የሎው ተረከዝ ናት የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። በዚያን ጊዜ አሸናፊ 2 ነጥብ ያገኛል። ዩናይትድ ከሲቲ ጋር ከመጫወቱ በፊት 32 ነጥብ ይዞ ሁለት ጨዋታ ቀርቶት ነበር፤ ሁለቱንም ቢያሸንፍ 36 ይሆናል። በርሚንግሃም ግን በዚያው ቀን ኖርዊችን አሸንፎ በ37 ነጥብ ጨረሰ። ስለዚህ ሎው ባያገባም ዩናይትድ ይወርድ ነበር። ይህን ሒሳብ ሜዳ ላይ ሆኖ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ የወደድኩትን ቤት በገዛ እግሬ አፈረስኩ ብሎ ነው የወጣው። ኋላም ጐሏን ባላገባት ይሻለው እንደ ነበረ፥ ሐዘኑም ለቀናት እንዳልለቀቀው ደጋግሞ ተናግሯል።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ስለ ምን መታት?» ይላል። እኔ ደግሞ ባይመታት ኖሮ ያን ጊዜ ከሐዲ ይባል ነበር እላለሁ። የሲቲን ደመወዝ ተቀብሎ፥ የሲቲን ማልያ ለብሶ፥ ጓደኞቹ ሲደክሙ እሱ ሆን ብሎ ቢስት፥ ይህ በየትኛው ቤት ታማኝነት ይባላል? ሎው እግሩን ለአሠሪው ሰጠ፤ እጁን ግን ከለከለ። የውሉ ወረቀት ጐል አግባ ይላል፤ ደስ ይበልህ ብሎ ሊያዝዝ ግን አይችልም።

ከእሱ በኋላ ብዙዎች በዚህ መንገድ አልፈዋል። ገብርኤል ባቲስቱታ ለፊዮረንቲና ዘጠኝ ዓመት ተጫውቶ ወደ ሮማ ከሄደ በኋላ፥ በ2000 የቀድሞ ቡድኑ ላይ ጐል ሲያገባ አለቀሰ። ፍራንክ ላምፓርድ ለቼልሲ አሥራ ሦስት ዓመት አገልግሎ ውሉ ካለቀ በኋላ፥ በመስከረም 2014 በ36 ዓመቱ ለማንቸስተር ሲቲ ተሰልፎ ቼልሲ ላይ አገባና እንደ ሎው ዝም አለ። የሉዊስ ፊጎ ነገር ግን ከነዚህ ጋር አይቈጠርም፤ ፊጎ በ2000 ከባርሴሎና ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሻገር ያባረረው አልነበረም፤ ኃይሉም አልደከመም። የባርሴሎና ሰዎች በ2002 ሜዳ ላይ የአሳማ ራስ እስከ መወርወር መድረሳቸው ነውር ነው፤ የተቈጡበትን ምክንያት ግን መረዳት አያዳግትም። ዛሬ ዛሬ ደግሞ በአንድ ቡድን ስድስት ወር ብቻ የቆየ ልጅ እንኳ የቀድሞ ቡድኑ ላይ ሲያገባ እጁን አጣምሮ ያዘነ ይመስላል። ይህንን ሳይ ሳቄ ይመጣል።

ሎው ከዚያ ቀን በኋላ የሊግ ጨዋታ አልተጫወተም። በሰኔ ወር ግን ወደ ዓለም ዋንጫ ሄዶ፥ በዶርትሙንድ ከተማ ስኮትላንድ ዛይርን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ተሰለፈ። ከሰሐራ በታች ካሉት የአፍሪካ አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ የበቃችው ያች ዛይር ነበረች፤ ለሎውም በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጨዋታ ይኸው ሆነ። በዚያው በጋ ጫማውን ሰቀለ።

በጥር 2025 በ84 ዓመቱ አረፈ። የዩናይትድ ደጋፊዎች ያችን ጐል ቂም አልያዙባትም፤ እስከ መጨረሻው «ንጉሡ» እንዳሉት ኖሩ። በኦልድ ትራፎርድ የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል፤ የእጅጌውን ጫፍ ጨብጦ አንድ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቷል።