ሳሎናችን ውስጥ የፈነዳው እሳተ ገሞራ!

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈነዳ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ኧረ አትደንግጡ! ጉዱ አሜሪካ ያለችው እህቴ ለልጆቼ የላከችላቸው የሳይንስ መጫወቻ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ የተራራ ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ፣ ጄሶ፣ ቀለምና ብሩሽ አለ። የዘጠኝ ዓመት ልጄና የስድስት ዓመት ወንድሟ ከበውኝ ይጠባበቃሉ። እኔ ደግሞ ምን አለፋችሁ፣ መሐንዲስ ሆንኩላችሁ! «አትንኩ! ይደፋል! እኔ ልሥራው!» ጄሶውን በጠበጥኩት፤ ውሃው በዛ። ተራራው ከቅርጹ ሲወጣ ለሁለት ተሰነጠቀ። ትንሹ አለቀሰ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ለመሆኑ መጫወቻው የተላከው ለማን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ታዲያ ልጅቷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ትሪ ላይ አቁማ ዙሪያውን ጭቃ ለጠፈችበት። ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ቀይ የምግብ ቀለም ጨመረችበት። ወንድሟ አንድ ሲኒ አቼቶ ሲያፈስበት... ቀይ አረፋ እየተግተለተለ ወጥቶ ትሪውን ሞላው! ቤቱ በጩኸት ቀለጠ።

ልጅቷ ግን ድንገት ጸጥ አለች። «አባዬ፣ ያኔ ሌሊት ቤታችን ሲንቀጠቀጥ እንዲህ ሊፈነዳ ነበር?»

አንጀቴን በላችው። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በፒጃማ አቅፌያት ወርጃለሁ። በማግስቱ ስትጠይቀኝ «ምንም አይደል፣ እርሺው» ብዬ ዘጋሁባት። ለካ ከዚያ ወዲህ ከነጃኬቷ የምትተኛው ብርድ ፈርታ አልነበረም!

የማውቀውን ነገርኳት። አረፋውን ያስነሣው አቼቶና ሶዳ ሲገናኙ የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ለስላሳ ስንከፍት ፍሽሽ የሚለው ጋዝ ማለት ነው። እውነተኛው ተራራ ውስጥ አቼቶ የለም፤ ያለው የቀለጠ አለት ነው። ሆኖም እሱንም ወደ ላይ ከሚገፉት ነገሮች አንዱ የታመቀ ጋዝ ነው። ፈንታሌ አካባቢ ቅልጡ አለት ከምድር ሥር መሬቱን እየሰነጠቀ ተጓዘ እንጂ እንደ አረፋችን ገንፍሎ አልወጣም። አፋር ውስጥ ከእነ ኤርታሌ ጋር የተሰለፈው ሃይሊ ጉቢ ግን ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈንድቶ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ደርሷል።

«እኛ ጋስ?» አለችኝ።

«እነ ወጨጫና የረር ድሮ እሳተ ገሞራ ነበሩ። ከሞቱ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። መሬት ግን ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ያኔ ጠረጴዛ ሥር ገብተን ራሳችንን እንከልላለን» አልኳት። አብረን ተለማመድን። ያን ማታ ጃኬቷን አውልቃ ተኛች።

ወላጆች፣ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ዕቃው ሁሉ ጓዳችሁ አለ። የጠርሙሱን ክዳን በፍጹም አትግጠሙ፤ ጋዙ ይፈነዳባችኋል። አቼቶው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ከሁሉ በላይ እጃችሁን ሰብስባችሁ ተቀመጡና ሲጠይቋችሁ «እርሱት» አትበሉ። የእናንተ ድርሻ ትሪውን ማጠብ ነው!