ቃልን ማሳጠርና ቃልን ማጉደል

በዚህ ዘመን በየቤቱ ከሚሰሙት ቅሬታዎች አንዱ ልጆች በእጅ ስልክ የሚልኩት መልእክት አጻጻፍ ነው። አባት ከልጁ የተላከለትን ቃል ለማንበብ ስልኩን ቢከፍት፥ የሚያገኘው በአማርኛ ታስቦ በላቲን ፊደል የተጻፈ፥ አናባቢው እየተነቀለ የተጣለ፥ መጀመሪያውና መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ነው። ለምስጋና እንኳ 10 ቍጥር ይጻፍና «ኪው» የተባለችው የላቲን ፊደል ትከተለዋለች፤ ይህም «ቴንኪው» ተብሎ እንዲነበብ ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለው፥ በውስጡ ምርቃት ያለበት የአባቶች ምስጋና በአንድ ቍጥርና በአንድ ፊደል ተተካ ማለት ነው። አባት መነጽሩን አስተካክሎ ደጋግሞ ቢመለከት አይገባውም፤ ልጅም «ይህ እንዴት ይጠፋዎታል?» እያለ ይደነቃል። እንዲህም ሁለቱ በአንድ ቤት እየኖሩ ተርጓሚ የሚያሻቸው ይሆናሉ።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን ትክክለኛ ይሆን ዘንድ አስቀድመን ማሳጠርን ራሱን እንመርምር። ጽሑፍን ማሳጠር ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከጥንት ጀምራ ታውቀዋለች። የድጓን መጽሐፍ የተመለከተ ሰው ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉ ምልክቶችን ያያል። ይህን ሥርዐት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1533–1551 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት በሊቃውንት ዘንድ ይነገራል። ከምልክቶቹ ብዙዎቹ ከታወቀ ዜማ ቃል ተቈርጠው የተወሰዱ ፊደላት ናቸው፤ የተማረ ሰው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ፊደል እንዳየ ዜማው በሙሉ ይመጣለታል። በየዕለቱም «ዓ.ም.»፥ «ት/ቤት»፥ «ወ/ሮ»፥ «ዶ/ር» እያልን እንጽፋለን፤ ማንም አይቸገርበትም። እንግዲህ ጸሐፊውና አንባቢው አስቀድመው የተስማሙበት ማሳጠር ጥበብ ነው፤ ጸሐፊው ብቻውን የሚያውቀው ማሳጠር ግን የራስን ድካም በአንባቢ ጫንቃ ላይ መጫን ነው።

ወጣቶቹም ይህን ልማድ ያመጡት በስንፍና ብቻ አይምሰለን፤ ምክንያት ነበራቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ የገባው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ሲሆን፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰው በእጁ ይይዛቸው ከነበሩት ስልኮች አብዛኞቹ የላቲን እንጂ የግእዝ ፊደል አልነበራቸውም። የአጭር መልእክት ሥርዐትም በአንድ መልእክት 160 የላቲን ፊደላትን ሲያስተናግድ፥ በእኛ ፊደል ለተጻፈው የሚፈቅደው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቈጠራል። ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ተማሪ ፊደል ቢቈጥብ አይፈረድበትም። ዛሬ ግን የግእዝ ፊደል በአብዛኛው ስልክ ይገኛል፤ በቴሌግራምና በመሳሰሉት የሚጻጻፍ ሰውም በፊደል ብዛት አይከፍልም። ምክንያቱ አለፈ፤ ልማዱ ግን ሰነበተ።

ደግሞም ፊደላችን በራሱ አጭር መሆኑ ተዘንግቷል። «ሰላም» በእኛ ሦስት ፊደል ሲሆን በላቲን አምስት ነው፤ «እግዚአብሔር» በእኛ ሰባት ሲሆን በላቲን በሙሉ ቢጻፍ ከዘጠኝ አያንስም። ይህም አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ስለሚይዝ ነው። ወደ ላቲን የሚሸሽ ሰው እንግዲህ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ሸሽቶ፥ ረጅሙን ለማሳጠር ደግሞ አናባቢውን ይነቅላል። በዚህ መካከል ትርጕም ይጠፋል። የላቲን ፊደል «ጠ»ን ከ«ተ» የሚለይበት የለውም፤ «ቀ»ንና «ከ»ንም ብዙዎች በአንድ ፊደል ይጽፏቸዋል። ስለዚህ «ወንድምህ መጣ» የተባለው «ወንድምህ መታ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ውሃ የቀዳ ሰውም ወዳጁን የከዳ ይመስላል። ከሁሉ የሚከፋው «ሕፃኑ ጠፋ» የሚለው ነው፤ ይህን የተቀበለች አያት «ሕፃኑ ተፋ» ብላ ብታነበው፥ ለፍለጋ መውጣት ሲገባት ፎጣ ታነሣለች።

በአፍ የሚነገረውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። «ናፈቅሽኝ» ማለት የሚችል ልጅ «ሚስ አደረግሁሽ» ይላል። «በአሁኑ ጊዜ» ማለት ሲገባ «በአሁኑ ሰዓት» ይባላል፤ የሚነገርለት ነገር ግን ዓመታት የሚፈጅ ነው። ይህ ሁሉ የልጆች ብቻ ስሕተት አይደለም፤ «ካህናቶች»፥ «መላእክቶች»፥ «መጻሕፍቶች»፥ «ሕፃናቶች» እያልን የምንናገር ታላላቆቹ ነን የሚባልልን ሰዎች ነን። «ካህናት» ራሱ ብዙዎችን የሚያመለክት ስለ ሆነ፥ «ኦች»ን መጨመር በኮርቻ ላይ ኮርቻ መጫን ነው።

በፊደላችን የሚጽፉትም ቢሆኑ «ድምፁ አንድ ከሆነ ፊደሉ ምን ይለያል?» እያሉ አንዱን በሌላው ይለውጣሉ። በአማርኛ ንባብ ድምፃቸው አንድ መሆኑ እውነት ነው፤ ከግእዝ የወረስነው ቃል ግን ትርጕሙን ይዞ የመጣው ከፊደሉ ጋር ነው። «ሰአለ» ለመነ ማለት ሲሆን፥ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ነው። «መሐረ» ይቅር አለ፥ «መሀረ» ደግሞ አስተማረ ማለት ነው። «አመት» ገረድ ናት፤ «ዓመት» ግን የዘመን ስፍር ነው። ስለዚህ «ዓመተ ምሕረት» በ«አ» ሲጻፍ የምሕረት ገረድ ይሆናል፤ «አመተ ማርያም» የተባለች ሴትም ስሟ በ«ዓ» ሲጻፍ የማርያም አገልጋይ መሆኗ ቀርቶ የማርያም ዓመት ትባላለች።

ነገሩ ከማስቈጣት አልፎ ጉዳት የሚሆነው በስም ላይ ሲደርስ ነው። ቀደምት ጸሐፍት ብራና ሲጽፉ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለዩት ነበር። የእኛ እጅ ግን ስም ላይ ሲደርስ ይፈጥናል፤ «ወ/ሚካኤል» ብለን እንጽፋለን። ይህ ወልደ ሚካኤል ነው ወይስ ወለተ ሚካኤል? ወንድ ነው ወይስ ሴት? «ተ/ማርያም»ስ ተክለ ማርያም ነው ወይስ ተስፋ ማርያም? በትምህርት ቤት መዝገብ እንዲህ ያጠረ የአባት ስም በሌላ መዝገብ ተዘርዝሮ ሲገኝ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል፤ ተማሪውም ማንነቱን ለማስረዳት ከቢሮ ወደ ቢሮ ይመላለሳል።

ከዚህ የሚብሰው በኀዘን ጊዜ የሚሆነው ነው። ዛሬ አንድ ቤተ ሰብ ከፊሉ በአገር ቤት፥ ከፊሉ በአሜሪካ፥ ከፊሉ በዐረብ አገሮች ተበትኖ ይኖራል። ሰው ሲያርፍ ስመ ክርስትናው በስልክ መልእክት ይላካል፤ ካህኑም ጸሎተ ፍትሐቱን የሚያደርሰው በዚያ ስም ነው። «ወ/ሚካኤል» የሚል ብቻ ቢደርሰው ምን ብሎ ይጥራ? የሚያውቀው ዘመድ በባሕር ማዶ ነው፤ እዚያም ሌሊት ሊሆን ይችላል፤ የቀብሩ ሰዓት ግን አይቈምም። ሁለት ፊደል ለመቈጠብ ሲባል አንድ ክርስቲያን በስንብቱ ቀን በትክክለኛ ስሙ ሳይጠራ ሊቀር ነው። አባቶች «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ ይህ ግን አንዴ ከፈሰሰ የሚለቀም አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ልጆች እርስ በርሳቸው እንደ ወደዱ ቢጻጻፉ አንከለክላቸውም፤ እኩያ ከእኩያው ጋር የሚጫወትበት የራሱ ቋንቋ ከጥንትም ነበረው። ለታላቅ ሲጽፉ ግን በፊደላችን፥ ሰላምታ አስቀድመው፥ «እርስዎ» ብለው ይጻፉ። የክርስትና ስም በምንም ምክንያት አይጠር፤ በየቤቱም የቤተ ሰቡ ሁሉ ስመ ክርስትና በአንድ ደብተር በሙሉ ፊደሉ ተጽፎ ከጸሎት መጽሐፉ ጋር ይቀመጥ፤ ግልባጩም በሩቅ ላለው ዘመድ ይላክ። ወላጆችም «አጻጻፍህ አያምርም» ብለው ከመቈጣት ይልቅ፥ ልጁ የላከውን መልእክት በአያቱ ፊት ራሱ እንዲያነብ ያድርጉት፤ የጻፈውን ሲተረጕም ምን እንዳጐደለ ያን ጊዜ ያያል። በባሕር ማዶ የሚያድጉትንም ልጆች 231ዱን ፊደል በአንድ ጊዜ አስጠኗቸው አንልም፤ አስቀድመው የራሳቸውንና የአያታቸውን ስም መጻፍ ይልመዱ። ስሙን በሙሉ መጻፍ የቻለ ልጅ ሰላምታውንም በሙሉ ለመጻፍ አይሰንፍም።