«ፎርማት ያስፈልገዋል» ከመባሉ በፊት፦ ሊኑክስ ሲነሳ የሚጽፈውን መዝገብ እንዴት እናንብብ?

ላፕቶፑን አበራችሁት። የኡቡንቱ አርማ መጣ፣ ክቡ መዞር ጀመረ፣ ዞረ፣ ዞረ... ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሁፍ። የመመረቂያ ጽሁፋችሁ ውስጡ ነው። ሌላ ቦታ ኮፒ የላችሁም። ጥገና ቤት ስትወስዱት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ ያው የታወቀው ነው፦ «ፎርማት ያስፈልገዋል።»

ቆይ፣ አትቸኩሉ። ሊኑክስ የጫናችሁበት ኮምፒውተር አልነሳም ሲል ምክንያቱን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ጽፎ ያስቀምጠዋል። ጽሁፉ አለ፣ የጠፋው የሚያነበው ሰው ነው። ዛሬ ይህ መዝገብ የት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚነበብና ከሁሉም በላይ እንዳይጠፋ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ እናያለን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ትእዛዞቹን የጻፍናቸው ሲነበቡ በሚሰጡት ድምጽ ነው፤ ተርሚናል ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁሉንም በትንሹ ነው የምትጽፏቸው። «ሲቲኤል» ስንል ሲ፣ ቲ፣ ኤል ሶስቱን ፊደላት ማለታችን ነው።

ማብሪያውን ስትጫኑ ምን ይሆናል?

መጀመሪያ ከርነሉ ይጫናል። ከርነል ማለት ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ዲስኩን የሚያዘው ዋናው ክፍል ነው። የራሱን ስራ ሲጨርስ አንድ ፕሮግራም ብቻ ጠርቶ ቀሪውን ለእሱ ያስረክባል። የዚህ ፕሮግራም መለያ ቁጥር 1 ነው። ዋይፋዩን፣ ብሉቱዙን፣ ፕሪንተሩን፣ ፓስወርድ የምታስገቡበትን ገጽ፣ ሁሉንም የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። እነዚህ ከጀርባ የሚሰሩ ፕሮግራሞች ሰርቪስ ይባላሉ።

ድሮ ይህ ስራ በስክሪፕት ክምር ነበር የሚሰራው። አንዱ ሳይጨርስ ቀጣዩ አይጀምርም፣ ልክ እንደ ታክሲ ሰልፍ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ ሲስተምዲ የሚባለውን ይዘው መጡ፤ እርስ በርስ የማይጠባበቁ ሰርቪሶችን በአንድ ጊዜ ያስነሳል። ፌዶራ በ2011፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ በ2015 ተቀበሉት። በነገራችን ላይ በሰላም አልነበረም የገባው። «አንድ ፕሮግራም ይህን ሁሉ ስልጣን ለምን ይይዛል?» ያሉ ሰዎች ከዴቢያን ተገንጥለው ዴቭዋን የሚባል የራሳቸውን ሊኑክስ እስከ መስራት ደርሰዋል።

ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ የእሱም ከርነል ሊኑክስ ነው፤ እዚያም ቁጥር 1 የሆነ ፕሮግራም አለ፣ ኢኒት ይባላል። ሲስተምዲ ግን አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለኮምፒውተር ነው፣ ስልካችሁ ላይ አትሞክሩት።

ሲስተምዲ ይዞት ከመጣው ሁሉ እኛን ዛሬ የሚጠቅመን ጆርናል የሚባለው መዝገብ ነው። ከርነሉ የተናገረውን፣ እያንዳንዱ ሰርቪስ የተናገረውን፣ ከነሰዓቱና ከነስሙ አንድ ቦታ ይሰበስባል።

መዝገቡን መክፈት

ተርሚናል ክፈቱና «ጆርናልሲቲኤል -ቢ» በሉ። ኮምፒውተሩ ዛሬ ከበራበት ሰከንድ ጀምሮ ያለው ሁሉ ይመጣል። ብዙ ነው፣ አትደንግጡ። ስህተቶቹን ብቻ ለማየት «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -ፒ 3» በሉ። ያልተነሱትን ሰርቪሶች ደግሞ «ሲስተምሲቲኤል --ፌይልድ» ይዘረዝርላችኋል። ቀይ ጽሁፍ ሁሉ ችግር ነው ማለት አይደለም። በደህና የሚሰራ ላፕቶፕ ላይም የተወሰኑ ቀይ መስመሮች አይጠፉም፤ ስለ ብሉቱዝ ወይም ስለ ባዮሱ የሚያማርሩ ናቸው፣ እለፏቸው።

ቁልፉ ትእዛዝ ግን «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1» ነው። ይህ የአሁኑን ሳይሆን ከዚህ በፊት የነበረውን አነሳስ ያሳያል። -2 ካላችሁ ከዚያም በፊት የነበረውን። ትናንት ማታ ስክሪኑ ደርቆ አጥፍታችሁ ካበራችሁት፣ የደረቀበት ምክንያት ያለው -1 ውስጥ ነው። «--ሊስት-ቡትስ» የሚለውን ብትጨምሩ ደግሞ የተመዘገቡትን አነሳሶች ሁሉ ይዘረዝራል። ላፕቶፑ አሮጌ ሆኖ የሰዓት ባትሪው ከሞተ ቀኑ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል ቀኑን አትመኑ።

መብራት ሲጠፋስ?

ሰዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ጋ ነው። -1 ብለው ይጽፋሉ፣ ምንም የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጆርናሉ መዝገቡን የሚያስቀምጥበት ፎልደር ዲስኩ ላይ ከሌለ የሚጽፈው ሜሞሪ ላይ ነው፤ ሜሞሪ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኡቡንቱና ፌዶራ ላይ ፎልደሩ ብዙውን ጊዜ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ቆየት ያሉ ዴቢያኖች ላይ ግን የለም።

መፍትሄው አንድ ፎልደር መፍጠር ነው። ቫር ውስጥ ሎግ የሚባል ፎልደር አለ፤ እዚያ ውስጥ ጆርናል የሚባል ከሌለ በ«ሱዶ ኤምኬዲአይአር» ፍጠሩትና ሪስታርት አድርጉ። በቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። «ዲስኬን አይሞላብኝም?» ለምትሉ፣ ካልቀየራችሁት በስተቀር ከዲስኩ ክፍል 10 ከመቶ ወይም ከ4 ጊጋባይት አያልፍም፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው ገደቡ። ሲደርስ የቆየውን እያጠፋ ይቀጥላል።

መብራት ድንገት ጥፍት በሚልበት ቤት ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ወይም በዴስክቶፕ የምትሰሩ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ጆርናሉ የጻፈውን ዲስኩ ላይ በእርግጠኝነት የሚያሳርፈው በየ5 ደቂቃው ነው። በጣም ከባድ የሚባሉትን መልእክቶች ብቻ ወዲያው ያሳርፋል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ከመዝገቡ ሊጎድሉ ይችላሉ። በቀጣዩ አነሳስ ላይ የጆርናል ፋይሉ በአግባቡ አልተዘጋም የሚል መስመር ብታዩ ራሱ ሌላ ፋይል ጀምሯል ማለት ነው። እናንተ ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም።

አንድ መስመር ያቆመው ላፕቶፕ

አሁን ወደዚያ ጥቁር ስክሪን እንመለስ። በጣም የተለመደ ምክንያት እንውሰድ። ፊልም የሞላ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በራሱ እንዲከፈት ተብሎ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ባለው ኤፍኤስታብ በሚባል ፋይል ላይ ተጽፏል። አንድ ቀን ዲስኩ ለጓደኛ ተውሷል። ሲስተምዲ ይጠብቀዋል። 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ። አልመጣም። ከዚያ «ይህ ዲስክ ሳይኖር መነሳት አልችልም» ብሎ ይወስንና ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ይገባል። ላፕቶፑ ሙሉ ጤነኛ ነው! ፋይሎቹም አሉ።

ስክሪኑ ላይ «ጆርናልሲቲኤል -ኤክስቢ ብለህ ተመልከት» የሚል ምክር ይጽፋል። ያንን ስትከፍቱ «ታይምድ አውት ዌይቲንግ ፎር ዲቫይስ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ፣ ከስሩ ደግሞ «ዲፔንደንሲ ፌይልድ»። የመጀመሪያውን ነው የምትይዙት። ከእሱ በታች ያሉት አብዛኞቹ የእሱ ልጆች ናቸው። ኤፍኤስታብ ውስጥ በዚያ ዲስክ መስመር ላይ «ኖፌይል» የሚል ቃል መጨመር ይበቃል፤ ዲስኩ ከሌለም ኮምፒውተሩ ይነሳል። ፋይሉን ከመንካታችሁ በፊት ኮፒ አድርጉት፤ ከነካችሁ በኋላ «ፋይንድኤምኤንቲ --ቬሪፋይ» ብላችሁ አስፈትሹት።

አንዳንድ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ሩት አካውንቱ ተቆልፏል ብሎ ኢመርጀንሲ ሞዱ ራሱ አያስገባችሁም። ያኔ ከጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱን በፍላሽ አዘጋጁና በፍላሹ አስነሱ፤ «ጫን» የሚለውን ሳይሆን «ሞክር» የሚለውን ምረጡ። ከሁሉ አስቀድማችሁ የመመረቂያ ጽሁፋችሁን ወደ ሌላ ፍላሽ ገልብጡ። ስለ ጥገናው የምታስቡት ከዚያ በኋላ ነው። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ ፓስወርዱን ይጠይቃችኋል። መዝገቡን ከዚያው ለማንበብ «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ዲ» ብላችሁ (ይህቺ ዲ ትልቋ ናት) የዲስኩን የጆርናል ፎልደር አድራሻ ትሰጡታላችሁ።

ችግሩ ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት ከሆነስ? ያኔ የተጻፈ ነገር አይኖርም። ግሩብ የሚባለው መምረጫ ላይ ኢ ፊደልን ተጫኑ፣ «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረው መስመር ላይ «ኳይት» እና «ስፕላሽ» የሚሉትን አጥፉ፣ ኤፍ10ን ተጫኑ። አርማው ይጠፋና የተደበቀው ጽሁፍ ሁሉ ይፈሳል። በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት፣ በኋላ እያቆማችሁ አንብቡት። ለውጡ ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ሊኑክስን ፍጥን የሚያደርጉ 10 ሰርቪሶች»

እንዲህ አይነት ቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። የምንመክረው አይደለም። የሌላ ሰው ዝርዝር የተሰራው ለሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን ለኩ፦ «ሲስተምዲ-አናላይዝ ብሌም» እያንዳንዱ ሰርቪስ የወሰደውን ጊዜ ያሳያል። ግን ያታልላል። ሰርቪሶች በአንድ ላይ ስለሚነሱ 20 ሰከንድ የወሰደው ማንንም ሳያስጠብቅ ሊሆን ይችላል። «ሲስተምዲ-አናላይዝ ክሪቲካል-ቼይን» ማን ማንን እንዳስጠበቀ ስለሚያሳይ እሱን እመኑ።

ሶስት ቃላት ደግሞ አትምታቱ። «ስቶፕ» አሁን ያቆማል፤ ነገ ስታበሩት ይመለሳል። «ዲሴብል» ሲነሳ እንዳይጀምር ያደርጋል፤ አሁን እየሰራ ያለውን ግን አይነካም። «ማስክ» ማንም እንዳያስነሳው ይዘጋል። የፕሪንተሩን ሰርቪስ፣ ከፕስን፣ ዲሴብል አድርጋችሁ እንደገና ሲሰራ ብታዩ ኮምፒውተሩ አላበደም፤ ከጎኑ ያለ ሶኬት የሚባል ጠባቂ ፕሪንት ሲጠየቅ ይቀሰቅሰዋል። እሱንም አብራችሁ ነው የምታጠፉት። ዲባስን፣ ሎጊንዲንና የመግቢያ ገጹን ሰርቪስ ግን አትንኩ። እነሱን ማስክ ያደረገ ሰው ነው በማግስቱ ጥቁር ስክሪን ይዞ የሚመጣው። ያጠፋችሁትን ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ለመመለስ «ኢኔብል» እና «አንማስክ» አሉ።

አሁንም ካልገባችሁና መዝገቡን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፋችሁ እርዳታ ልትጠይቁ ከሆነ፣ ሙሉውን አትለጥፉ። መጀመሪያ የተበላሸበትን መስመር፣ ከእሱ በላይ ያሉትን ሃያ ያህል መስመሮችና የሊኑክሱን ስምና ቁጥር ይበቃል። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ አንዴ እዩት። የተጠቃሚ ስማችሁ፣ የኮምፒውተሩ ስምና የተገናኛችሁበት ዋይፋይ ስም ውስጡ ይገኛሉ፤ እነሱን አጥፉ።